የደጋ አጋዘን መሰማሪያ

ከሻሸመኔ ተነሥቶ በዶዶላና በአዳባ በኩል ወደ ባሌ የሚጓዝ መንገደኛ በዲንሾ አጠገብ የጋይሳይን ሜዳ ያገኛል። ስፍራው ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ስለ ሆነ የማለዳው ብርድ ብርቱ ነው። ነገር ግን ጤዛው ሳይረግፍ ከመስኩ ዳር ቆሞ የሚመለከት ሰው ብርዱን የሚያስረሳ ነገር ያያል፤ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር የማይገኘው የደጋ አጋዘን በመንጋ ሆኖ ይግጣል። በዐሥር ሳንቲማችን ላይ ምስሉ የተቀረጸው ይኸው እንስሳ ነው።

አጋዘኑ ይህን ስፍራ የመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም። ሜዳው ረባዳ ስለ ሆነ ሣሩ ለምለም ነው። በዳር በዳሩ ጭቁኝ በቅሎበታል፤ በተረተሩ ላይ ጥድና ኮሶ፣ ከዚያም ከፍ ሲል አስታ ይከተላል። እንስሳው ጧትና ማታ በመስኩ ይሰማራል፤ ፀሐይ ስትበረታ ወደ ዛፉ ጥላ ይገባል። እንግዲህ የሚሰበሰበው መስኩና ዱሩ በሚገናኙበት ዳርቻ ነው፤ ማዕዱና መጠጊያው ተቀራርበው የሚገኙት በዚያ ነውና።

አዳኝም ይህን ያውቃል። ብልህ አዳኝ ነፋሱን በፊቱ አድርጎ ከዱሩ ዳር አድብቶ ይጠብቃል እንጂ በየሸንተረሩ አይደክምም። እንስሳው በአውሮፓ ሊቃውንት ዘንድ የታወቀውም በአደን ነው፤ አይቮር በክስተን የተባለ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1908 ገደለው፤ ሪቻርድ ላይዴከርም በ1910 የሳይንስ ስም አወጣለት።

መኖሪያው የታወቀ መሆኑ ግን ጉዳትም አመጣበት። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ጥበቃው ስለ ላላ በጋይሳይ ከነበሩት አጋዘኖች ብዙዎቹ ተገደሉ። ሆኖም ሣሩና ዛፉ በየስፍራቸው ቆይተው ነበርና፣ ጥበቃው ሲመለስ የተረፉት ቀስ በቀስ ተራቡ።

ከዚህ የምንማረው ነገር አለ። ጥይት ያጎደለውን መንጋ መሬቱ ሊተካው ችሏል፤ ነገር ግን ዛፉ ለማገዶ ተቆርጦ፣ መስኩም እስከ ዳር ታርሶ ቢሆን ኖሮ የተረፉት ወዴት ይመለሱ ነበር? የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ዳርቻውን መጠበቅ ግን የመዝገብ ሥራ ብቻ አይደለም።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ ከልጆቻችሁ ጋር በዚያ መንገድ ያለፋችሁ እንደ ሆነ አጋዘኑን ብቻ አታሳዩአቸው፤ ከኋላው ያለውን ኮሶና ጥድም አሳዩአቸው። ቤቱ እርሱ ነውና።