አዋሽ ምስር ገባ

ዓመቱ ሊያልቅ ሲቃረብ በየመምህራን ማሠልጠኛው የማይቀር ነገር አለ። ፈተናው ሳያበቃ፣ የምረቃው ልብስ ሳይለካ፣ አንዱ ተነሥቶ ስለ ሁላችንም የሚያስቅ ግጥም መጻፍ ይጀምራል። ልምምድ ላይ ጠመኔው ከእጁ የወደቀበት፣ የትምህርት ዕቅዱን ከጓደኛው የገለበጠው፣ «ማለት ነው» ሳይል ዐረፍተ ነገር የማይዘጋው መምህር፣ ዘበኛው፣ ደወሉ፣ አልጋው፣ ትኋኑ ሳይቀር ስንኝ ይደርሰዋል። ግጥሙ የሚነበበው በምረቃ ዋዜማ ነው፤ አዳራሹ በሳቅ ይናጋል፤ በማግሥቱ ወረቀቱ የት እንደገባ የሚያውቅ የለም።

እኛ የዚህ የግድግዳ ጋዜጣ አዘጋጆች ግን ይህን ዓይነቱን ግጥም አክብደን ነው የምናየው። ለምን ብትሉ፣ ነገሩ ከእኛ የጀመረ አይደለምና ትንሽ ራቅ ብለን እንነሣ።

መቼስ የዕለት ግጥም ነገር ሲነሣ የቅኔ ቤትን የሚቀድም የለም። ዋሸራ ይሁን ጎንጅ ወይም ዋድላ፣ የቅኔ ተማሪ በየቀኑ አዲስ ቅኔ ይቆጥራል፤ ለመምህሩ ያቀርባል፤ ይታረማል። ከሁሉ የምታንሰው ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ብቻ ናት፤ ጀማሪው በእሷ ይፍታታል። እዚህ ላይ ሰልጣኞች እንዲያስተውሉልን የምንፈልገው አንድ ነገር አለ። ለዕለቱ በዓል የተዘረፈ ቅኔ ለዚያው ዕለት ነው፤ በሚቀጥለው በዓል ያንኑ ይዞ የሚቀርብ ሰው ይታዘቡታል። ትናንት የተባለ፣ ተብሏል። ዛሬ ሌላ አምጣ ነው። ስንት ሺህ ቅኔ በዚህ ዓይነት ተብሎ እንደቀረ ማን ቆጥሮት!

ቀልዱም ከዚያው ቤት ነው። አለቃ ገብረ ሐናን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም፤ ግን የምናውቃቸው በቀልዳቸው ብቻ ሆኖ ሊቅነታቸው ተረሳ። የተክሌ አቋቋም የሚባለውን የዝማሜ ስልት ያወጡ ሰው ናቸው። በቤተ መንግሥት ምሳ ላይ እቴጌ ጣይቱን ሳይቀር በነገር ወጋ ያደርጉ እንደነበር በሰፊው ይነገራል። በእርግጥ በስማቸው የሚነገረው ሁሉ የእሳቸው ነው ማለት አይቻልም፤ ሰው ሁሉ የራሱን ቀልድ በእሳቸው ስም ሲያወራ ኖሯል። ይኼ ራሱ የሚነግረን ነገር አለ፦ ሕዝብ አንድ ሰው «ይኼ እንዲናገር ተፈቅዶለታል» ብሎ ከመደበ በኋላ፣ በራሱ አፍ ሊለው የፈራውን ሁሉ በዚያ ሰው አፍ ይለዋል።

ፈቃድ የሚለውን ቃል ያዙልን።

እዚሁ በአካባቢያችን ባለው የኦሮሞ ሠርግ ላይ ሴቶቹ የሚዘፍኑትን አረብሶ የሰማችሁ ታውቁታላችሁ። የሙሽራዋ ወገኖች የሙሽራውን ወገን በዘፈን ያብጠለጥሉታል፤ ስስቱን፣ ቁመቱን፣ አለባበሱን አያስቀሩለትም። በሌላ ቀን ቢባል ሽማግሌ የሚያስቀምጥ ንግግር ነው። በሠርጉ ቀን ግን የተሰደበው ወገን ይስቃል፤ ከቻለም ይመልሳል። የሚያኮርፍ ቢገኝ መሳቂያው እሱ ነው። ፈቃዱን የሰጠው ቀኑ ነዋ!

በፈረንጅ አገርስ? ከሦስት መቶ ዓመት በፊት የእንግሊዝ ሁለቱ ታላላቅ ዩኒቨርሲቲዎች ይኼው ልማድ ነበራቸው ብንላችሁ ታምናላችሁ? በኦክስፎርድ በዲግሪ አሰጣጥ በዓል ላይ አንድ ሰው ይመረጥና በላቲን «የምድር ልጅ» የሚል ስም ይሰጠዋል። ሥራው በተሰበሰበው ሕዝብ ፊት ቆሞ የኮሌጅ አለቆችን መቀለጃ ማድረግ ነበር። ካምብሪጅ ደግሞ ሦስት እግር ባለው በርጩማ ላይ የሚቀመጥ ተከራካሪ ነበረው፤ ከበርጩማው ስም ተነሥተው «ሚስተር ትራይፖስ» ይሉታል። እሱም ይቀልዳል። ውሎ አድሮ ቀልዱ በላቲን ግጥም ታትሞ የሚታደል ሆነ፤ ቆይቶ ከግጥሙ ወረቀት ጀርባ የተመራቂዎች ስም ዝርዝር መታተም ጀመረ፤ በመጨረሻም ስሙ ወደ ፈተናው ተላለፈ። ዛሬም በካምብሪጅ የዲግሪ ፈተና ትራይፖስ ይባላል። እንግዲህ ያ ሁሉ የተፈራ ፈተና የተጠራው በአንድ ቀልደኛ በርጩማ ነው ማለት ነው! ይህን ስንሰማ ለፈተና ያለን ፍርሃት በመጠኑም ቢሆን ቀለል አለልን።

ፈቃዱ ግን ሁልጊዜ አይሠራም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1713 ኦክስፎርድ የ«ምድር ልጅ»ን ንግግር ከለከለ፤ ንግግሩ ታትሞ ወጣ። ኒኮላስ አምኸርስት የተባለ ተማሪ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1719 ከኮሌጁ ተባረረ። ከመባረሩ በፊት በከተማዋ ቆነጃጅት ላይ የሚሳለቅ ግጥም አሳትሞ ነበር፤ ከተባረረ በኋላ በ1721 ያንኑ «የምድር ልጅ» የሚለውን ስም ለጋዜጣ ሰጥቶ ዩኒቨርሲቲውን በሳምንት ሁለት ጊዜ ይሸነቁጠው ጀመር። ከአዳራሽ ያስወጡት ቀልድ በጋዜጣ ተመለሰ ማለት ነው። አምኸርስትን እንደ ቅዱስ ልናቀርበው አንፈልግም፤ ቆነጃጅቱ ምን አደረጉት? በበላዩ ያሉትን ሲነካ ግን ብዕሩ ይጥማል።

ወደ አገራችን እንመለስ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ተከፈተ። በየዓመቱ የኮሌጅ ቀን ይከበር ነበር፤ ተማሪዎች በንጉሠ ነገሥቱ ፊት ሳይቀር ግጥም ያነቡበት ነበር። መቼም ዋዜማና በዓል ነውና እዚያም ፈቃድ ነበረ። ከታኅሣሥ 1953ቱ የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1961፣ ታምሩ ፈይሳ «ድሃው ይናገራል» የሚለውን ግጥሙን አነበበ። ርእሱ ብቻ ይበቃል፤ በዚያ አዳራሽ ድሃ ተናግሮ አያውቅም ነበር። በ1959 ዓ.ም. ደግሞ ኃይሉ ገብረ ዮሐንስ፣ ገሞራው የሚባለው፣ «በረከተ መርገም»ን አሰማ። በእነዚያው ዓመታት ኢብሳ ጉተማ «ኢትዮጵያዊ ማነው?» ሲል በግጥም ጠየቀ። ኢብሳ ከደርግ ውድቀት በኋላ በሽግግሩ መንግሥት የትምህርት ሚኒስትር ሆኖ ነበርና ለእኛ ለመምህራን ይህም ይታወስ። ገሞራው ግን ዕድሜውን በስደት ጨርሶ በስዊድን አረፈ።

እነዚህ ታላላቅ ግጥሞች ናቸው፤ ክብራቸውን የሚነካ ነገር ልንጽፍ አልተነሣንም። ሆኖም አንድ ቅሬታ አለን፤ ቅሬታችን ከገጣሚዎቹ ጋር አይደለም፣ ከእኛ ትውልድ ጋር ነው። ከእነሱ ወዲህ በተማሪ ቤት ግጥም ማንበብ ማለት ድምፅን ማጉላት ሆነ። በሥነ ጽሑፍ ምሽታችን ላይ የሚነሣው ሁሉ ስለ እናት አገር፣ ስለ ደም፣ ስለ ጎህ ይጮኻል። ጩኸቱ ማንንም አያስከፋም፤ አገር እንደሆነች መጥታ መልስ አትሰጥም። ስለ ምሳ ቤቱ ጻፍ ቢሉት ግን ላብ ያጠምቀዋል። ምሳ ቤቱ ባለቤት አለው፣ ስም አለው፣ ነገ ቁርስ ላይ ይጠብቀዋል። ታዲያ የትኛው ነው ድፍረት የሚጠይቀው?

የምሳ ቤቱን ነገር ካነሣን ካቻምና የሆነውን እንንገራችሁ። ስንኙ የተወለደው መልካሳ ነው። ለልምምድ በዚያ አካባቢ ትምህርት ቤቶች ተመድበን ነበር። መልካሳ ከአዳማ ወደ አሰላ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ አዋሽ ዳር ያለች ከተማ ናት፤ «መልካ» በአፋን ኦሮሞ የወንዝ መሻገሪያ ነው። ለብዙ ሰው የምትታወቀው በእርሻ ምርምር ማዕከሏ፣ በቦሎቄና በበቆሎ ዘሮቿ ነው። አንድ ቅዳሜ ወንዙ ዳር ተቀምጠን ሳለ አንዱ የጂኦግራፊ ሰልጣኝ የሚያስተምረውን ይለማመድብን ጀመር፦ አዋሽ ከጊንጪ አካባቢ ደጋ ተነሥቶ፣ 1,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ፣ ባሕር ሳይደርስ በጅቡቲ ድንበር አጠገብ አቤ ሐይቅ ውስጥ ይቀራል፤ ስለዚህ እንደ አባይ ከአገር የማይወጣ ወንዝ ነው። ከመካከላችን አንዷ፣ ለወትሮው ዝምተኛ ናት፣ ድንጋይ ወደ ውሃው እየወረወረች እንዲህ አለች፦

አዋሽ አገር አይለቅ ያሉን ተሳስተዋል፤
ምሳ ሰዓት ምስር ሲገባ አይተናል።

ምስር የግብፅ የጥንት ስም መሆኑን ለመምህራኑ መንገር አያስፈልግም። የምስር ወጣችንን ውፍረት ደግሞ ለሰልጣኞች መንገር አያስፈልግም። ስንስቅ ከወዲያ ማዶ ልብስ የሚያጥቡ ሰዎች ቀና ብለው አዩን።

ሰኞ ጠዋት ስንኙን በግድግዳ ጋዜጣው ላይ ለጠፍነው። ረፋድ ላይ ተገንጥሎ አገኘነው። ተጠርተን ስንሄድ የተሰጠን ምክንያት «የወጥ ቤት ሠራተኞችን ክብር ነክታችኋል» የሚል ነው። እሺ ብለን ወጣን። ነገር ግን ክብራቸው ተነካ የተባሉትን ሳንጠይቅ ማደር ስላልቻልን ከምሳ በኋላ ወደ ወጥ ቤት ሄድን። ትልቋ ወጥ ሠሪ፣ ሁላችንም እትዬ የምንላቸው እናት፣ ድስት እያጠቡ ነበር።

«እትዬ፣ የለጠፍነው ነገር አስቀይሞዎት ይሆን?»

«ምን ብላችሁ ነው? ማንበቡንስ አላነበብኩም፤ እስቲ በሉት።»

አልነው። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። «ድገሚው» አሏት ልጅቷን፤ ደገመችው። ሳቃቸውን ጨርሰው ዓይናቸውን ጠረጉና እንዲህ አሉ፦

«እውነት ነው እኮ ልጆቼ። ድስቱ ያው ነው፣ የሚሰፈርልኝ ምስር ያው ነው፣ እናንተ ግን ዘንድሮ በዛችሁ። እህሉ ካልተጨመረልኝ ውሃ ልጨምር እንጂ ምን ልጨምር?»

እንግዲህ ልብ በሉ። ተሰደቡ የተባሉት ሰው ስቀው ሒሳቡን አስረዱን፤ የተቆጣው ወገን ደግሞ ከዚያ ድስት ቀምሶ አያውቅም። ሁለት ስንኝ ባይጻፍ ኖሮ እኛም ምስሩ የቀጠነው በወጥ ሠሪ ስንፍና ነው እያልን ስናጉረመርም በተመረቅን ነበር። ጉርምርምታ መቶ ሰው ይለዋል፣ ማንም አይጠየቅበትም። ስንኝ ግን አንድ ቦታ ይለጠፋል፣ ይገነጠላል፣ «ለምን ተገነጠለ?» ያሰኛል፣ ሰውን ወጥ ቤት ድረስ ያስኬዳል። በዚያው ሳምንት ተወካዮቻችን የሰልጣኙን ቁጥርና የምስሩን ኪሎ በአንድ ወረቀት ጽፈው ስብሰባ ላይ አቀረቡ። ወጡ ወዲያው ወፈረ ብለን አንዋሽም፤ አልወፈረም። ወረቀቱ ግን በቃለ ጉባኤ ገባ፤ በዓመቱ የምስሩ ልክ በሰልጣኝ ቁጥር እንዲሰፈር ተወሰነ።

መምህራኖቻችን ከመንግሥቱ ለማ የተሻለ አብነት የለም ቢሉን አንከራከርም። አባታቸው አለቃ ለማ የቅኔ ሊቅ ነበሩ፤ ልጃቸው ቅኔውንም ቀምሰው፣ ለንደን ተምረው መጡ። «ባሻ አሸብር በአሜሪካ» የሚለውን ግጥማቸውን ያነበበ ያውቃል፦ በአገሩ የከበረው ባሻ፣ ሰውን በቆዳው ቀለም በሚለይበት አገር ሲደርስ ማዕረጉን የሚያይለት ያጣል። ሳቁ ሁለት አፍ አለው፤ በአንዱ ዘረኛውን፣ በሌላው የባሻን ኩራት ይነክሳል። አንባቢው ስቆ ሳይጨርስ «እኔስ?» ይላል። እንዲህ ለመጻፍ ጩኸት አላስፈለጋቸውም፤ እንደ ጨዋታ አድርገው ነው የጻፉት። እኛ ሰልጣኞች ነገ አንድ ገጠር ትምህርት ቤት ስንመደብ፣ አራተኛ ክፍል ያለ ልጅ ስለ ሰዓት ፊርማችን ስንኝ ገጥሞ ጠረጴዛችን ላይ ቢያስቀምጥ አርጩሜ እንፈልጋለን ወይስ ቤት መምታቱን እናርምለታለን? አንዳንዶቻችን ከአሁኑ አርጩሜው እንደሚቀናን እየታየን ነው።

የዘንድሮው ዋዜማ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ግጥም ያላችሁ በቤተ መጻሕፍቱ በር በተቀመጠው ሣጥን ክተቱ። ከስምንት ስንኝ አይብለጥ። ስም ይጻፍበት፤ ስም የሌለውን አናነብም። የተነካው ሰው አዳራሹ ውስጥ የሌለ እንደሆነ አይነበብም፤ ካለ ግን ፊት ለፊቱ ይነበባል፣ መልስ ካለውም መድረኩ ይለቀቅለታል። በመልክ፣ በቁመት፣ በአነጋገር ዘዬና በብሔር የሚቀልድ ሣጥኑ ውስጥ ባይገባ ይሻላል። መምህራንም መወዳደር ትችላላችሁ፤ ባለፈው ዓመት ስለ ፈተና ወረቀታችን አንድ መምህር የጻፉብን ስድስት ስንኝ እስካሁን ያመናል። እትዬም ሣጥኑ የት እንደሆነ ጠይቀዋል፤ የሚጽፍላቸው ሰልጣኝ ይፈልጋሉ፤ እሳቸው ይላሉ፣ እሱ ይጽፋል። ስለ ማን እንደሆነ ግን ሊነግሩን አልፈለጉም።