ለጠቅላይ ሚኒስትሯ «ገና ነው» ያሉት ጄኔራል

የሀገር ጦር የሚያዝ ሰው በሲቪል መንግሥቱ ላይ ሊፈጽማቸው ከሚችላቸው በደሎች ሁለቱን እኛ ኢትዮጵያውያን ጠንቅቀን እናውቃለን። አንደኛው ታንክ አሰልፎ ቤተ መንግሥቱን መክበብ ነው። ሁለተኛው ጦሩ አለመዘጋጀቱን እያወቀ «እሺ» ብሎ መዝመት ነው። ስለ መጀመሪያው ብዙ ተጽፏል፤ ሁለተኛው ግን ታዛዥነት እየተባለ ሲወደስ ኖሯል። ሰሞኑን የህንዱን ፊልድ ማርሻል ሳም ማኔክሾውን ሕይወት ደግሜ ሳነብ የሰነበትኩት ሁለቱንም ባለማድረጋቸው ነው። (የህንዱ ዘመን ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው፤ የእኛን በ«ዓ.ም.» እለየዋለሁ።)

ማኔክሾው በ1914 አምሪትሳር ከተማ ከፓርሲ ቤተሰብ ተወለዱ። ፓርሲዎች ከጥንት ፋርስ ፈልሰው ህንድ የገቡ፣ ቁጥራቸው እጅግ አነስተኛ የሆነ የዞሮአስተር እምነት ተከታዮች ናቸው። ወጣቱ ሳም እንደ አባታቸው ሐኪም ለመሆን ለንደን መሄድ ፈልገው ነበር፤ አባት «ገና ልጅ ነህ» ብለው ከለከሉ። ልጅ በንዴት ለወታደርነት ተፈተኑና በ1932 ዴህራዱን የተከፈተው የህንድ ጦር አካዳሚ የመጀመሪያ ዙር ዕጩ መኮንን ሆኑ። በ1942 በርማ ውስጥ፣ ሲታንግ ወንዝ አጠገብ ከጃፓኖች ጋር ሲዋጉ በመትረየስ ተመትተው ወደቁ። የክፍለ ጦሩ አዛዥ ጄኔራል ካወን የሚሞቱ ስለመሰላቸው፣ ኒሻኑ ደግሞ ለሞተ ሰው ስለማይሰጥ፣ የራሳቸውን የሚሊታሪ ክሮስ ሪባን ፈትተው ደረታቸው ላይ አደረጉላቸው ይባላል። ሰውየው ግን ከዚያ በኋላ 66 ዓመት ኖሩ።

እኔን ይበልጥ የሚስበኝ ከጥይቱ ይልቅ የምላሳቸው ታሪክ ነው። የመከላከያ ሚኒስትሩ ክሪሽና ሜነን ስለ ምድር ጦሩ አዛዥ ስለ ጄኔራል ቲማያ ምን እንደሚያስቡ ቢጠይቋቸው፣ የበታች መኮንን ስለ አለቃው እንዲህ ያለ ጥያቄ ሊጠየቅ አይገባም ብለው መለሱ። ሚኒስትሩ ይህን አልወደዱትም። ብዙም ሳይቆይ ማኔክሾው ለሀገራቸው ታማኝ አይደሉም በሚል መርማሪ ጉባኤ ፊት ቀረቡ። ጉባኤው ነፃ አወጣቸው። በ1962 መገባደጃ ቻይና የህንድን ጦር በሂማላያ ስታፈርሰው ሜነን ከሥልጣን ወረዱ፤ የሚኒስትሩ ወዳጅ የነበሩት ጄኔራል ካውል የሚመሩትን የተሰበረውን አራተኛ ኮር እንዲጠግኑ የተላኩትም እኚሁ ተከሳሽ ሆኑ። ታሪክ አንዳንዴ እንዲህ ትቀልዳለች።

ዋናው ፈተና የመጣው በ1971 ነው። ማኔክሾው የምድር ጦሩ ኤታማዦር ሹም ከሆኑ ሁለተኛ ዓመታቸውን ሊይዙ ነበር። የፓኪስታን ጦር በምሥራቅ ፓኪስታን፣ በዛሬዋ ባንግላዴሽ፣ በሕዝቡ ላይ በከፈተው ጭፍጨፋ የተነሳ ስደተኛው በሚሊዮን እየሆነ ወደ ህንድ ይጎርፋል። በኤፕሪል ወር ኢንድራ ጋንዲ ካቢኔያቸውን ሰብስበው ጦሩ ድንበር እንዲሻገር ፈለጉ፤ ጄኔራሉም «ገና ነው» አሉ። ዝናቡ ሊጀምር ነው፤ የቤንጋል ወንዞች ባሕር ይሆናሉ። የሂማላያ በሮች በበጋ ሙቀት ስለሚከፈቱ ቻይና ልትመጣ ትችላለች። ታንኮቹም አልተዘጋጁም። ከፈለጉ በጤና ምክንያት መልቀቂያዬን ላቅርብ፤ ጊዜ ከሰጡኝ ግን ድሉን አረጋግጥልዎታለሁ አሉ።

ይህን ታሪክ በሰፊው ያሰራጩት ራሳቸው ማኔክሾው ናቸው፤ ጡረታ ከወጡ በኋላ። ታሪክ ጸሐፊው ስሪናት ራጋቫን ኢንድራ ጋንዲ ራሳቸው ያን ጊዜ ለመዝመት አልቸኮሉም ነበር ሲል ይሞግታል። ሙግቱ ሚዛን የሚደፋ ይመስለኛል፤ ሽማግሌው ጨዋታ አዋቂ ነበሩና ታሪኩን ቀባብተውት ይሆናል። ይሁንና አንድ ጄኔራል «መሪዬን እምቢ አልኳት» እያለ በየአዳራሹ ሲያወራ ማንም አለመጠየቁ በራሱ ማስረጃ ነው። እንዲህ ያለ ወሬ በእኛ አገር ቢወራ ተናጋሪው በማግስቱ የት ይገኝ እንደነበር አንባቢ ያውቃል።

ጦርነቱ ዲሴምበር 3 ተጀመረ፤ ዲሴምበር 16 ዳካ እጇን ሰጠች። ወደ 93,000 ሰው ተማረከ። ማኔክሾው ለፊርማው ዳካ አልሄዱም፤ ክብሩ የምሥራቅ ዕዝ አዛዡ የጄኔራል አውሮራ ነው ብለው ተዉላቸው። የተሸነፉት የፓኪስታን መሪ ያህያ ኻን የቀድሞ ባልደረባቸው ነበሩ፤ በ1947 ሞተር ብስክሌታቸውን በ1,000 ሩፒ ገዝተው ሳይከፍሉ እንደሄዱ፣ በመጨረሻም ዕዳውን በግማሽ ሀገራቸው እንደከፈሉ ማኔክሾው ይቀልዱ ነበር።

ቀልዱ ከባድ ጥያቄ ይዟል። ሁለቱ መኮንኖች ያደጉት በአንድ ጦር ውስጥ ነው። ፓኪስታን ውስጥ አዩብ ኻን በ1958፣ ያህያ በ1969 ሥልጣን ያዙ፤ ህንድ ውስጥ አንድም ጄኔራል ይህን አላደረገም። ጠቅላይ ሚኒስትሯ መፈንቅለ መንግሥት ሊያደርጉ ነው የሚል ሐሜት ሰምተው ቢጠይቋቸው፣ እርስዎ ሥራዎን ይሥሩ፣ እኔም የኔን እሠራለሁ እንዳሏቸው ማኔክሾው ተናግረዋል። የሰውየውን ጨዋነት ብቻ ማወደስ ግን አይበቃም። ኔሩ አስቀድመው የጠቅላይ አዛዥነትን ማዕረግ በ1955 ሰርዘው ሦስቱን ጦሮች በእኩል አዛዦች ከፋፍለው ነበር። አዛዡ ይኖርበት የነበረውን ትልቅ ቤት እንኳ ከዚያ በፊት ራሳቸው ገብተውበታል።

ይህ ጥያቄ ለእኛ ሩቅ አይደለም። በ1950 ዓ.ም. ገደማ የሐረር ጦር አካዳሚን ያቋቋሙትና ያስተማሩት የህንድ መኮንኖች ነበሩ፤ ከማኔክሾው ጦር የመጡ፣ በዚያው ሥነ ሥርዓት የታነጹ። እዚያ የተመረቁ አጎቴ ስለ መምህሮቻቸው ሲነሳ፣ «አለቃን ፊት ለፊት መናገር አስተማሩን፤ የሚሰማ አለቃ ግን አልሰጡንም» ይሉ ነበር። ትምህርቱ ከህንድ መጣ፤ ካቢኔውና ፓርላማው አብሮ አልመጣም። «ገና ነው» ማለት የሚቻልበት ጠረጴዛ በሌለበት አገር መኮንኑ የቀረው ምርጫ ዝምታ ወይም ታንክ ነው። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. እና በ1966 ዓ.ም. ያየነው ይህንኑ ነው።

በህንድም ቢሆን ደፋር ምላስ ዋጋ ያስከፍላል። ማኔክሾው በጃንዋሪ 1973 ፊልድ ማርሻል ተባሉና በዚያው ወር ሥራ ለቀቁ። ብዙም ሳይቆዩ፣ በ1947 ፓኪስታንን መርጬ ቢሆን ኖሮ ህንድ ትሸነፍ ነበር የሚል ቀልድ ቀለዱ፤ ፖለቲከኞቹ አልሳቁም። ፊልድ ማርሻል ጡረታ ስለማይወጣ ሙሉ ደመወዝ ይገባቸው ነበር። የተጠራቀመው ውዝፍ፣ ከ10 ሚሊዮን ሩፒ በላይ፣ የተከፈላቸው በ2007 ነው፤ ያን ጊዜ ዕድሜያቸው 93 ነበር። ሰኔ መጨረሻ 2008 ታሚል ናዱ ውስጥ፣ ዌሊንግተን በሚገኘው የጦር ሆስፒታል ሲያርፉ ፕሬዚዳንቷም ጠቅላይ ሚኒስትሩም ለቀብሩ አልመጡም። ከዴልሂ የመጡት የመከላከያ ሚኒስትር ዴኤታው ነበሩ።