የፑኝዶ ታፔላዎች

ጋምቤላ ክልል፣ ጎግ ወረዳ፣ ፑኝዶ መንገድ ዳር ከዛፍ ቀጥሎ የሚበዛው ታፔላ ነው። የፕሮጀክቱ ለጋሽ፣ ፈጻሚው፣ የሚጀመርበትና የሚያልቅበት ቀን ተጽፎበታል። የስደተኞች መጠለያ ጣቢያው ራሱ ግን ማብቂያ ቀን የለውም። እ.ኤ.አ. በ1993 ተከፍቶ ሠላሳ ዓመት አልፎታል፤ እዚያው የተወለደ ልጅ ዛሬ ወላጅ ሆኗል። በላዩ የተፈራረቁት ፕሮጀክቶች ደግሞ ዓመት ሁለት ዓመት ሠርተው “በስኬት ተጠናቀቁ”።

*

ዴንማርካዊው ተመራማሪ ቤንት ፍሉቢያርግ እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው መጽሐፍ የ16,000 ፕሮጀክቶችን መረጃ አገላብጦ ነበር። በተያዘላቸው በጀትና ጊዜ ያለቁት 8.5 በመቶ ናቸው፤ የተባለውን ጥቅም ጭምር ያስገኙት 0.5 በመቶ። የእኛ ትንንሾቹ ቢለኩ መቶ በመቶ ሳይደፍኑ አይቀሩም፤ ሪፖርታቸው ቀን አያሳልፍም። ብርም አይተርፍም። ሰኔ ሲደርስ በጀት እንዴት እንደሚቃጠል የማያውቅ ሠራተኛ ካለ አዲስ ተቀጣሪ ነው።

*

የተመድ የስደተኞች ኮሚሽን በጀት በፈረንጆቹ ጥር ይከፈታል፤ የመንግሥት ሐምሌ 1። የጋምቤላ ዝናብ ከግንቦት እስከ ጥቅምት ነው። ውል ተፈርሞ፣ ጨረታ ወጥቶ፣ ሲሚንቶ እስኪጫን መኪናው ጭቃ ውስጥ ነው።

*

ዝናቡን ያልቆጠረውን ካሩቱሪን የረሳ ካለ ላስታውስ። የህንዱ ኩባንያ በክልሉ 100,000 ሄክታር ወሰደ። እ.ኤ.አ. በ2011 የባሮ ወንዝ ሞልቶ በቆሎውን ጠራረገው። ባሮ በክረምት ከአልጋው እንደሚወጣ ለማወቅ አማካሪ መቅጠር አያስፈልግም ነበር። ዳርቻው ላይ የሚያርሰው አኝዋና ኑዌር ውሃው ሲሸሽ ጠብቆ በተወው እርጥበት ላይ ይዘራል፤ ይህን ለመናገርም አበል አይጠይቅም። ውሉ እ.ኤ.አ. በ2015 መጨረሻ ሲሰረዝ፣ መንግሥት የለማው 1,200 ሄክታር ብቻ ነው አለ።

ኢኮኖሚስቱ አልበርት ሂርሽማን እ.ኤ.አ. በ1967 ባሳተመው ጥናት 11 የዓለም ባንክ ፕሮጀክቶችን ሲመረምር የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን አንዱ ነበር። ሰው መከራውን አስቀድሞ ቢያውቅ ብዙ ሥራ ባልጀመረ፤ ሳያውቅ ገብቶ ብልሃት ያወጣል ይላል። ባሮ ዳር ግን ብልሃቱ አልወጣም።

*

የስደተኞች ጣቢያ የውሃ ፓምፕ የሚያንቀሳቅስ ስደተኛ ደመወዝ አይባልለትም፤ “ኢንሴንቲቭ” ነው፣ ለዚያው ሥራ ዜጋ ከሚያገኘው እጅግ ያነሰ። ናፍጣውን በእንጨት ይለካል። ጄኔሬተሩ ምን እንደጎደለው ከድምፁ ይለያል። የትኛው ቦኖ ላይ ሰልፉ ጠብ እንደሚያስነሳ ያውቃል፤ ቀድሞ የሚከፍተውም እሱን ነው። አንዱ ድርጅት ወጥቶ ሌላው ሲገባ፣ ርክክቡ በሁለት ሥራ አስኪያጆች መካከል ይፈረማል፤ ቁልፉ ግን ከዚያው ሰውዬ ኪስ አይወጣም።

*

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሜርስ በፕሮጀክት ማኔጅመንት ማስተርስ ይሰጣል፤ የግል ኮሌጆቹም አልሰነፉም። ከመመረቂያ ጥናቶቹ ብዙዎቹ “በጣም እስማማለሁ” ከሚለው እስከ “በጭራሽ አልስማማም” የተደረደረ መጠይቅ ናቸው፤ የሚሞላውም የቢሮ ሰው ነው። ሥራ አስኪያጁ ስለ ሥራ አመራሩ ተጠይቆ ጥሩ ነው ይላል። ምን ይበል?

እስቲ ቀጣዩ ተመራቂ መጠይቁን ርክክቡ በተፈጸመ በሁለተኛው ዓመት ወደ ፑኝዶ ይውሰደውና ለፓምፕ ሠራተኛው ያንብብለት። በበጋ ቢሄድ ይሻለዋል፤ በክረምት መንገዱ አያስገባም።