ከጦርነት በኋላ ለመናገር፦ ስለ ራዲዮ፣ ስለ ቋንቋና ስለ ወንጌል

በምኖርበት በሚኒሶታ የምትገኘው ጉባኤያችን በሚቀጥለው ወር አንድ ውሳኔ ይጠብቃታል። በሰሜን ኢትዮጵያ በጦርነት ለተጎዱ አካባቢዎች በትግርኛና በአማርኛ የሚተላለፍ መንፈሳዊ የራዲዮ ዝግጅትና በአካባቢው ቋንቋዎች የሚታተሙ ትንንሽ መጻሕፍት የምንደግፍበት ገንዘብ እንድናዋጣ ተጠይቀናል። ጥያቄውን እንዲመረምር በተሰየመው ኮሚቴ ውስጥ አለሁበት። መተዳደሪያዬ የእርዳታ ፕሮጀክቶችን መገምገም ነው፤ በእምነቴ ደግሞ በመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ያደግሁ ነኝ። ስለዚህም ወረቀቱን በሁለት ዓይን ነው ያነበብሁት።

የቀረበልን ጽሑፍ በጥንቃቄ የተዘጋጀ ነው። ስንት ሰዓት እንደሚተላለፍ፣ ስንት ቅጂ እንደሚታተም፣ ስንት ሰው ሊሰማ እንደሚችል ይዘረዝራል። አንድ ጥያቄ ግን አላነሣም፦ ከእርስ በርስ ጦርነት በኋላ አንድ ድምፅ የመደመጥን መብት ከየት ያገኛል? ይህን ጥያቄ ለመመለስ ወደ ላይቤሪያ መመልከት ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ። ላይቤሪያውያን እዚህ ሚኒሶታ ጎረቤቶቻችን ናቸው፤ ያለፉበት መንገድም ለእኛ እንግዳ አይደለም። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በሞንሮቪያ ዳርቻ የተተከለው ኤልዋ የተባለው የክርስቲያን ራዲዮ ጣቢያ ሥራ የጀመረው በ1954 ነው። ያቋቋመው ኤስ.አይ.ኤም. የተባለው ሚሲዮን ሲሆን፣ ይኸው ሚሲዮን በ1927 ወደ ኢትዮጵያ ገብቶ ኋላ የቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን የበቀለችበትን ሥራ ጀምሯል። ኤልዋ በብዙ የምዕራብ አፍሪካ ቋንቋዎች ሲያስተላልፍ ኖሮ በ1990 የእርስ በርሱ ጦርነት አወደመው፤ እንደገና ቢቋቋምም በ1996 ዳግመኛ ተዘረፈ፣ ተቃጠለ። በዚያው በ1990፣ በሐምሌ ወር መጨረሻ፣ በሞንሮቪያ በሚገኘው በቅዱስ ጴጥሮስ ሉተራን ቤተ ክርስቲያን የተጠለሉ ወደ 600 የሚጠጉ ሰዎች በመንግሥት ወታደሮች ተገደሉ። ከሟቾቹ የሚበዙት የጊዮና የማኖ ተወላጆች ነበሩ፤ በሠራዊቱ ውስጥ የበላይነት የነበራቸው ደግሞ ክራኖች ነበሩ። ከዚህ በኋላ በላይቤሪያ በጊዮ ወይም በክራን ቋንቋ መናገር የቋንቋ ምርጫ ብቻ ሊሆን አይችልም። አድማጩ ቃሉን ከመስማቱ በፊት «ይህ የማን ድምፅ ነው?» ብሎ ይጠይቃል።

ለዚህ ጥያቄ መልስ ያገኘ አንድ ጣቢያ ነበር። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የሆነው ራዲዮ ቬሪታስ በ2000 በቻርልስ ቴይለር መንግሥት ለጊዜው ተዘግቶ ነበር። በ2003 ሌይማ ግቦዊና ጓደኞቿ ክርስቲያንና ሙስሊም ሴቶችን ለሰላም ሲያንቀሳቅሱ ጥሪያቸውን ያስተላለፉት በዚሁ ጣቢያ ነው። ሴቶቹ ነጭ ለብሰው በአደባባይ ተቀመጡ፤ የአክራው የሰላም ስምምነትም በዚያው ዓመት ነሐሴ 18 ቀን ተፈረመ። ያንን ጥሪ ሕዝቡ የሰማው የማሰራጫው ኃይል ከፍተኛ ስለነበረ አይመስለኝም። ጣቢያው በሥልጣን ላይ ላለው ወገን አፍ ባለመሆኑ ዋጋ ሲከፍል ሰው አይቶታል። ያየውንም ድምፅ አመነው።

ላይቤሪያ ሌላውንም ገጽ ታሳያለች። በጦርነቱ በጭካኔው የታወቀው የቀድሞው የጦር አለቃ ጆሹዋ ብላዪ ኋላ ወንጌላዊ ሆነ፤ በ2008 በእውነትና የዕርቅ ኮሚሽን ፊት ቀርቦም እርሱና ተከታዮቹ ከ20 ሺህ ላላነሱ ሰዎች ሞት ተጠያቂ እንደሆኑ ተናገረ። ንስሐውን የምመዝን እኔ አይደለሁም። ነገር ግን ኮሚሽኑ በ2009 ባወጣው የመጨረሻ ሪፖርት ልዩ ፍርድ ቤት እንዲቋቋም ሲጠይቅ፣ ለዚያ ፍርድ ቤት መንገድ የሚጠርግ ጽሕፈት ቤት እንዲከፈት ፕሬዚዳንቱ የፈረሙት በ2024 ነው። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ከመድረክ የሚሰበከው ይቅርታ ከፍርድ ይልቅ ፈጥኖ ሄደ። ልጁን ያጣ አባት ገዳዩ ሲሰብክ እየሰማ በአንድ ከተማ መኖር ግድ ሆነበት።

አሁን ወደ ቤታችን ልመለስ። ለእኛ የክርስቲያን ራዲዮ አዲስ ነገር አይደለም። የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን ያቋቋመው ብሥራተ ወንጌል ራዲዮ በ1963 አዲስ አበባ ላይ ሲከፈት ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ተገኝተዋል። አባቴ የሰብል በሽታ ምን እንደሆነና ሕፃን ሲያስቀምጠው ምን መደረግ እንዳለበት ከዚያ ራዲዮ ሰማሁ ይል ነበር፤ ስብከቱን የሚያነሣው ከዚያ በኋላ ነው። ይህ በአጋጣሚ የሆነ አልነበረም። ጣቢያው ከሥርጭቱ 30 በመቶ ገደማውን ለስብከት፣ 70 በመቶውን ለዜናና ለትምህርት የመመደብ መርሕ ነበረው። መካነ ኢየሱስም በ1972 ለለጋሾቿ በጻፈችው ደብዳቤ፣ የሰውን ነፍስና የሰውን ኑሮ ለያይቶ የሚረዳ እርዳታ ሰውን በሙሉነቱ እንደማያገለግል አስረድታለች። ብሥራተ ወንጌል ግን በመጋቢት 1977 በደርግ ተወረሰና የአብዮቱ ድምፅ ሆነ። የማሰራጫው ምሰሶ ያው ነበር፤ የተለወጠው ባለቤቱ ነው። ላይቤሪያ ውስጥ እሳት ያደረገውን እዚህ አዋጅ አደረገው።

መጽሐፍ እንዲህ በቀላሉ አይወረስም። ኦነሲሞስ ነሲብ ከአስቴር ጋኖ ጋር ደክመው በ1899 መጽሐፍ ቅዱስን በአፋን ኦሮሞ፣ በግዕዝ ፊደል አሳተሙ። በ1944 የወጣው የሚሲዮኖች ድንጋጌ የማስተማሪያ ቋንቋ አማርኛ እንዲሆን፣ የአካባቢ ቋንቋዎችም ተማሪው አማርኛ እስኪያውቅ ድረስ በቃል ብቻ እንዲያገለግሉ ሲደነግግ፣ ያ መጽሐፍ 45 ዓመት ሞልቶት ነበር። በላይቤሪያም የሉተራን ቤተ ክርስቲያን ቶቶታ በተባለ ስፍራ ለክፔሌ ተናጋሪዎች የማንበብና የመጻፍ ትምህርት ታስተምር ነበር። ማንበብ የተማረ ሰው መጻፍም ይችላል፤ የጻፈም ሰው መልስ ይሰጣል። ራዲዮ ለብዙ ሰው ይናገራል እንጂ አድማጩ መልሶ የሚናገርበትን መንገድ በራሱ አይከፍትም። ከጦርነት በኋላ ደግሞ የሚያስፈልገው መልስ መስጠት የሚችል ሕዝብ ነው።

የአካባቢ ቋንቋ በራሱ በጎ ነገር ነው ብሎ መደምደምም አይገባም። በ1994 የሩዋንዳውን ጭፍጨፋ የቀሰቀሰው ራዲዮ የተናገረው ሁሉም በሚገባው በኪንያርዋንዳ ነበር። የእናት ቋንቋ ወደ ልብ የሚወስደው መንገድ አጭር ነው፤ በዚያ መንገድ መርዝም ይገባል፣ መድኃኒትም።

በኮሚቴው ያሉ አንድ የማከብራቸው አባት ይህን ሁሉ ከሰሙ በኋላ «ልጄ፣ ወንጌል የፍርድ ቤት ፈቃድ አይጠብቅም» አሉኝ። ከንግግራቸው ግማሹ እውነት ነው። የልጇን መቃብር የማታውቅ እናት ፖሊሲ እስኪስተካከል ድረስ መጽናኛ ሳታገኝ ትቆይ ማለት ጭካኔ ነው። ነገር ግን እርሷን የምናጽናናው እኛ ማን ነን? በጦርነቱ ዘመን ከዲያስፖራ መድረኮች ብዙዎቹ ለአንድ ወገን ድል ይጸልዩ ነበር፤ ቅጂዎቹም ዛሬ በሁሉም ስልክ ላይ ይገኛሉ። የፕሪቶሪያው ስምምነት በኅዳር 2022 ተፈርሟል፤ በአማራና በኦሮሚያ ግን ከዚያ በኋላም ተኩስ ቀጥሏል። በአካባቢው የሚበዛው ሕዝብ ደግሞ ኦርቶዶክስና ሙስሊም ነው። ከዋሽንግተን ወይም ከሚኒያፖሊስ በተላከ ገንዘብ «ይቅር በሉ» የሚል ድምፅ በራዲዮ ሲሰማ፣ አድማጩ የላኪውን ማንነት ቢጠይቅ ልንቀየመው አይገባም።

ስለዚህ በስብሰባው ሦስት ነገሮችን አቀርባለሁ። አንደኛ፣ ከሥርጭቱ ሰባ በመቶ የሚሆነው ሰዎች ለሚያስፈልጋቸው መረጃ ይዋል፦ የጠፋ ቤተሰብ ፍለጋ፣ ጤና፣ የእርሻ መሬትና የትምህርት ቤት ጉዳይ። ዝግጅቱም ከእህል ዕርዳታ ጋር በምንም መንገድ አይገናኝ፤ ስንዴ የያዘ እጅ ሰባኪ ሲሆን የተራበ ሰው እምቢ የማለት ነፃነቱን ያጣል። ሁለተኛ፣ በየአካባቢው የሚኖሩ ሽማግሌዎችና ሴቶች፣ የሌላ እምነት ተከታዮችም ጭምር፣ ዝግጅቱን አስቀድመው ሰምተው የማስቆም ሥልጣን ያለው ሸንጎ ይኑራቸው። ተጎጂን ይቅር በል የሚል ማንኛውም ስብከት ከዚህ ሸንጎ አያምልጥ። ሦስተኛ፣ ከገንዘቡ ግማሹ ለመጻሕፍትና ለጎልማሶች ትምህርት ይመደብ፤ መጻሕፍቱን እዚያው የሚኖሩ ሰዎች ይጻፉ፣ የባለቤትነት መብቱም የእነርሱ ይሁን።

እነዚህ ነገሮች የአድማጭ ቁጥር ይቀንሳሉ፤ ሪፖርታችንንም ያሳንሳሉ። ገንዘብ የሚያዋጡ ምእመናን የሚያዩት ፎቶግራፍ ያንሳል። ሸንጎውም አንዳንዱን ዝግጅት ቢያስቆም ሰባኪዎቻችን ያዝናሉ። ይህን ሁሉ እያወቅሁ ሦስቱ ከተጨመሩ ድምፄን እሰጣለሁ፤ ካልተጨመሩ ተቃውሞዬ በቃለ ጉባኤው እንዲመዘገብ እጠይቃለሁ። እናንተም በየምትኖሩበት አገር እንዲህ ያለ ወረቀት ከቀረበላችሁ፣ ስንት ሰው እንደሚሰማ ከመጠየቃችሁ በፊት የሰማው ሰው መልሱን የሚልክበት አድራሻ እንዳለው ጠይቁ።