የጥንት ኤውሮጳውያን ስለ እስያ የሳሏቸው ካርታዎች

ካርታ የምድርን መልክ ብቻ የሚያሳይ ይመስለናል። ነገር ግን የሳለውን ሰው ዕውቀትና ምኞት ጭምር ስለሚገልጽ፤ የጥንት ካርታ ለሚመለከተው ሁሉ እንደ ታሪክ መጽሐፍ ይነበባል። (ዓመቱ ሁሉ እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር ነው።)

የእስክንድርያው ሊቅ በጥሊሞስ በ2ኛው መቶ ዓመት የጻፈው የጂኦግራፊ መጽሐፍ፤ በ15ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ወደ ላቲን ቋንቋ በተመለሰ ጊዜ የኤውሮጳ ሊቃውንት በታላቅ ክብር ተቀበሉት። በዚያ መጽሐፍ የህንድ ውቅያኖስ በየብስ እንደ ተከበበ ሐይቅ ነበረ፤ እስያም ወደ ምሥራቅ ከእውነቱ ይልቅ ረዝማ ነበር። ይህ ስሕተት ቀላል አልነበረም። ክሪስቶፎር ኮሎምቦስ፤ እስያ ይህን ያህል ከረዘመች በምዕራብ በኩል የሚያደርሰው ባሕር ጠባብ ነው ብሎ በ1492 ተጓዘ። ያገኘው ሌላ ምድር ሲሆን፤ በ1506 እስኪሞት ድረስ እስያ የደረሰ ይመስለው ነበር።

በቬኒስ አጠገብ በገዳም ይኖር የነበረው ፍራ ማውሮ ግን በ1450 ገደማ በሳለው ታላቅ ክብ ካርታ የህንድን ውቅያኖስ ክፍት አድርጎ አሳየ። ስለ ሐበሻ አገርም፤ የዚያው አገር ካህናት በገዛ እጃቸው ሥለው እንዳሳዩት በካርታው ላይ መስክሯል። ኤውሮጳውያን ካህኑ ዮሐንስ የሚሉትን ክርስቲያን ንጉሥ አስቀድመው በእስያ ይፈልጉት ነበር፤ በዚያ ቢያጡት ስሙን ወደ ኢትዮጵያ አዛወሩት። ኦርቴልዮስ በ1573 ያሳተመው የሐበሻ ካርታ በዚሁ ስም ይጠራል።

ካታይና ቻይና ደግሞ ሁለት አገር ይመስሏቸው ነበር። ቤንቶ ደ ጎይስ የሚባል መነኵሴ በ1602 ከህንድ ተነሥቶ፤ ከሲራራ ነጋዴዎች ጋራ ተራራውንና በረሃውን አቋርጦ፤ ሁለቱ አንድ አገር መሆናቸውን አረጋገጠ። በ1607 ግን በቻይና ዳርቻ ሞተ። አንዲት የተሳሳተች ስም ከካርታ ለመፋቅ የሰው ነፍስ አስከፈለች።

በ16ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በታተሙ ካርታዎች ኮርያ ደሴት ሆና ትታይ ነበር። ማርቲኖ ማርቲኒ በ1655 ባሳተመው የቻይና ካርታ ግን የቻይናን ሊቃውንት መጻሕፍት መርምሮ ስለ ነበር፤ ከየብስ ጋራ የተያያዘች መሆኗን አሳየ።

እንግዲህ ካርታው የቀናው ባለ አገሩ በተጠየቀ ጊዜ፤ የተሳሳተውም ወሬና ምኞት በእውነት ስፍራ በተተኩ ጊዜ መሆኑን እናስተውላለን። በቤቱ ግድግዳ ካርታ የሰቀለ አባት ለልጆቹ የአገሮችን ስም ሲያስጠና፤ ይህንንም አብሮ ቢነግራቸው መልካም ነው።