ከጉዛራ እስከ ጎርጎራ፤ በጣና ዳር በእግር

ጎንደር ደርሶ የፋሲልን ግንብ ሳያይ የሚመለስ መንገደኛ የለም። ነገር ግን ከጎንደር በፊት የተሠሩትንና ለጎንደር መምህር የሆኑትን ግንቦች ለማየት ወደ ጣና ዳር የሚወርደው ሰው ጥቂት ነው። እነዚህ ሕንጻዎች ከሐይቁ በስተ ምሥራቅና በስተ ሰሜን፥ አንዱ በኮረብታ ራስ፥ ሌላው በማሳ መካከል፥ ሌላውም ውሃው ዳር ይገኛሉ። መኪና ወደ አንዳንዶቹ አጠገብ ያደርሳል፤ ዳሩ ግን አገሩን በእግሩ ላልረገጠ ሰው ነገሥታቱ ይህን ስፍራ ስለ ምን እንደ መረጡት አይገለጥለትም። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

አስቀድሞ ስለ ሐይቁ ጥቂት እንናገር። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የተኛ፥ ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የማያንስ፥ የዓባይ መውጫ የሆነ፥ በኢትዮጵያ ካሉት ሐይቆች ሁሉ የሚበልጥ ነው። ስፋቱን ያየ ሰው ጥልቀቱም እንደዚያው ይመስለዋል፤ ነገር ግን እጅግ ጠለቀ በሚባልበት ስፍራ እንኳ ከ15 ሜትር ብዙ አያልፍም። ይህን ነገር አንባቢው ልብ እንዲለው እንለምናለን፤ ወደ ኋላ ያስፈልገናል። የአገሩ ባላገር ደግሞ ሐይቅ አይለውም፤ ባሕር ነው የሚለው። ስለዚህ አማርኛ የሚማር ሰው «ባሕር ዳር» የሚለውን የከተማ ስም ሲሰማ ቀይ ባሕርን እንዳያስብ፤ የዚሁ የጣና ዳርቻ ማለት ነው።

ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና ሲጓዙ፥ እንፍራዝ ከምትባለው ከተማ አጠገብ የጉዛራ ኮረብታ ይገኛል። ከጎዳናው ወደ ኮረብታው ራስ የሚያወጣው የእግር መንገድ ረጅም አይደለም፤ ወንበር የለመደ ጉልበት ግን ዳገት መሆኑን ያውቀዋል። ከላይ ሲደርሱ በማዕዘኖቹ ክብ ማማ የቆመለት፥ ፎቅ ያለው የድንጋይ ግንብ ይታያል። ትውፊቱ ሠሪው አፄ ሠርፀ ድንግል ናቸው ይላል፤ እኒህ ንጉሥ ከ1563 እስከ 1597 የነገሡ ናቸው። ፊትን ወደ ምዕራብ መልሰው ቢመለከቱ ሜዳው ተዘርግቶ፥ ከሜዳውም ወዲያ ጣና ሲያብረቀርቅ ያያሉ። በዚህ ስፍራ የቆመ ንጉሥ ወደ እርሱ የሚመጣውን ሠራዊት ገና በሩቁ አቧራውን ያይ ነበር።

ማየቱም ያስፈልገው ነበር። ምጽዋን በ1557 ቱርኮች ይዘውት ነበር፤ በደቡብም በኩል በዚያ ዘመን የነበረው የኦሮሞ ሕዝብ እንቅስቃሴ የቀድሞውን የመንግሥት ማዕከል አናግቶት ነበር። ስለዚህ ቤተ መንግሥቱ እህልና ከብት ወደሚገኝበት፥ የነጋዴም መንገድ ወደሚያልፍበት ወደ ጣና አካባቢ አዘነበለ። እዚህ ላይ ስለ አንድ ቃል መናገር ይገባል። «ከተማ» የሚለው ቃል ዛሬ ገበያና አስፋልት ያለበትን ስፍራ ያመለክታል፤ ጥንት ግን ንጉሡ ከነሠራዊቱ የከተመበትን፥ ማለት ድንኳኑን ተክሎ የሰፈረበትን ቦታ ያመለክት ነበር። ንጉሡ ሲነሣ ከተማውም አብሮ ይነሣል። በጉዛራ የሚታየው ታላቅ ነገር፥ የንጉሡ ድንኳን ወደ ድንጋይ ሲለወጥ መታየቱ ነው።

ይሁን እንጂ ሊቃውንቱ ስለ ጉዛራ ዕድሜ አልተስማሙም። ክርክሩ ከኖራ የመጣ ነው። የዚያ ዘመን የኢየሱሳውያን ጸሐፊዎች በኢትዮጵያ ለግንብ የሚሆነው ኖራ የታወቀው በ1621 ገደማ፥ ከሕንድ የመጣ ሰው ለኖራ የሚቃጠለውን ድንጋይ ለይቶ ባሳየ ጊዜ ነው ብለው ጽፈዋል። የጉዛራ ድንጋዮች ግን በኖራ የተያያዙ ናቸው። እንግዲህ ወይ ጸሐፊዎቹ የራሳቸውን ዘመን አክብረው የቀደመውን ትተውታል፥ ወይም ግንቡ ትውፊቱ ከሚለው ዘመን ወዲህ የተሠራ ነው። በበኩሌ ክርክሩን የሚቈርጠው ኖራውን የሚመረምር ባለሙያ እንጂ ድንጋዩን በዓይኑ ብቻ የሚያይ መንገደኛ አይመስለኝም።

ከእንፍራዝ ተመልሶ በአዘዞ በኩል ወደ ደምቢያ የሚወርድ ሰው በገነተ ኢየሱስ ማለፍ አለበት። በዚህ ስፍራ አፄ ሱስንዮስ መናፈሻና የውሃ ገንዳ ያለው የማረፊያ ርስት አሠርተው ነበር፤ የተቀበሩትም በዚሁ ነው። ከዚያ ወዲያ የደምቢያ ሜዳ ይጀምራል። አፈሩ ጥቁር መረሬ ነው፤ በክረምት ጫማ ይውጣል፥ በበጋ ይሰነጣጠቃል። ስለዚህ መንገደኛው ዝናቡ ካቆመና ጭቃው ከጠገገ በኋላ ቢነሣ ይሻላል። በታኅሣሥ የሄደ እንደ ሆነ የሽንብራው እሸት ደርሶ ይቆየዋል፤ በማሳ ዳር ሲያልፉም «እግዜር ያበርታችሁ» ብሎ ሰላምታ መስጠት የአገሩ ደንብ ነው። ከዚህ በኋላ አንድ እፍኝ እሸት ሳይቀምሱ ማለፍ በጣም አስቸጋሪ ነው። ሹም ነኝ ብሎ ሰላምታውን የሚጠብቅ ሰው ግን እሸቱንም ወሬውንም ያጣል። ከደጃፍ ሲደርሱ «ቤቶች!» ብለው ይጣራሉ፥ ከውስጥም «ቤት ለእንግዳ!» የሚል ድምፅ ይመለሳል። አዛውንቱን «አባባ»፥ መነኩሴውን «አባ» ማለት ይበቃል።

ጎርጎራ በሐይቁ ሰሜን ዳር ናት። የደብረ ሲና ማርያም ቤተ ክርስቲያን ክብ ሆና በዛፎች መካከል ትገኛለች፤ በግድግዳዋ የሚገኙት ሥዕሎች የጎንደር ዘመን ሥራ ናቸው። በሥዕሎቹ መካከል የአፄ ፋሲል ዘመድ የነበሩት የእመቤት መለኮታዊት መልክ ይገኛል። ጫማን በደጅ አውልቆ፥ ዓይን ጨለማውን እስኪለምድ ጥቂት መታገሥ ነው።

ከጎርጎራ ወደ ማርያም ግንብ የሚወስደው መንገድ ከጉዞው ሁሉ የሚበልጥ ነው። ወደ ምዕራብ የጣናን ዳር ይዞ ሁለት ሦስት ሰዓት ያህል ያስኬዳል፤ በግራ ውሃው፥ በቀኝ ማሳው አይለይም። መንገዱ ሲያልቅ በሐይቁ ላይ በተንጋለለ ምድር የፈረሰ ታላቅ ሕንጻ ይታያል። ጣራው ወድቋል፤ ነገር ግን በቀረው ግድግዳ ላይ የተፈለፈለው የድንጋይ አበባና የዓምዱ ጌጥ አሁንም ይታያል። እንዲህ ያለ የጠራቢ ሥራ በጎንደር ግንቦች እንኳ በብዛት አይገኝም።

ይህን ሕንጻ ያቆመው የሃይማኖት ጉዳይ ነው፤ ያፈረሰውም እርሱ ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም። ስፔናዊው ኢየሱሳዊ ፔድሮ ፓኤዝ በ1603 ወደ ኢትዮጵያ ገብቶ የሱስንዮስ ወዳጅ ሆነ፤ በጎርጎራ ለንጉሡ ቤት አሠራ፥ በ1618 ንጉሡን ተከትሎ የግሽ ዓባይን ምንጭ አየ፥ በ1622 በዚሁ በጎርጎራ ሞተ። ትዕግሥተኛና ቋንቋ አዋቂ ሰው ነበር ይባላል። ከእርሱ በኋላ የመጣው ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ ግን ትዕግሥት አልነበረውም። በ1626 ሱስንዮስ ለሮማ መታዘዛቸውን በአዋጅ ገለጡ፤ ሕዝቡም እንደ ገና ይጠመቅ ዘንድ፥ ጾሙንና ሥርዓቱን ይለውጥ ዘንድ ተገደደ። አገሩ ታወከ። በሰኔ ወር 1632 ወይና ደጋ በተባለ ስፍራ የንጉሡ ጦር የላስታን ባላገሮች ድል ነሣ፤ በሜዳው የወደቁት ብዙ ሺህ ናቸው። እንደሚተረከው ልጃቸው ፋሲል የወደቁትን አሳይተው ሙታኑ የገዛ ወገኖቻቸው መሆናቸውን ለአባታቸው ነገሯቸው። ሱስንዮስ የቀድሞውን ሃይማኖት በአዋጅ መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ተዉ፤ በዚያው ዓመትም ሞቱ።

ፋሲል ኢየሱሳውያኑን ከአገር አስወጡ። ኖራውን ግን አላስወጡም። በ1636 ገደማ ጎንደርን ሲቈረቁሩ ግንባቸውን ያቆሙት በኖራ ነው። ይህን ያህል ደም ካፈሰሰው ክርክር የተረፈው የግንበኛው ጥበብ ነው፤ በማርያም ግንብ ፍርስራሽ ውስጥ የቆመ ሰው ይህን ነገር ሳያስብ አያልፍም። ጉዛራ፥ ደብረ ሲናና ማርያም ግንብ ከጎንደር ግንቦች ጋራ በ1979 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ተጽፈዋል፤ የጎብኚው ቍጥር ግን ከፋሲል ግቢ ጋራ አይተካከልም።

ከድንጋዩ ይልቅ ዛሬ የሚያሳስበው ውሃው ነው። ከ2011 ገደማ ወዲህ እምቦጭ የሚባል አረም በጣና ላይ ታየ፤ ብዙ የተስፋፋውም እኛ በሄድንበት በሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ ነው። አበባው ሐምራዊ ነው፥ ከሩቅ ሲያዩት ያምራል። ቅርብ ሲሆን ግን እንደ ምንጣፍ ተጠላልፎ ታንኳ አያሳልፍም፥ የዓሣ አጥማጁን መረብ ይይዛል፥ ከብቱንም ከውሃው ይከለክላል። ሐይቁ ጥልቅ አለመሆኑን ቀደም ብለን ተናግረናል፤ ከተራራው ታጥቦ የሚወርደው አፈርና ከማሳ የሚመጣው ማዳበሪያ በዚህ በማይጠልቅ ዳርቻ ላይ ይተኛና ለአረሙ ቀለብ ይሆነዋል። ባላገሩ ብዙ ጊዜ ተሰብስቦ በእጁ ነቅሏል፤ መኪናም ተሠርቶለታል። ነገር ግን ዘሩ በጭቃ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት ስለሚቆይ፥ የተነቀለው ስፍራ በሚቀጥለው ክረምት ተመልሶ ይለመልማል። ታንኳ የሚሠራበት ደንገልም የሚበቅለው በዚሁ ዳርቻ ነው፤ እምቦጭ በያዘበት ስፍራ ደንገል ቆራጩ ወደ ውሃው መግቢያ ያጣል።

ወደዚያ ለመሄድ ያሰበ ሰው ሁለት ነገር ይጠይቅ። አንደኛው የአገሩ ጸጥታ ነው፤ ከነሐሴ 2023 ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሣው ጦርነት መንገዶች አንዳንድ ጊዜ ይዘጋሉ ተብሎ ስለ ተሰማ፥ ከጎንደር ሳይነሡ ከአገሩ ሹሞችና ከመንገደኞች መረዳት ያስፈልጋል። ሁለተኛው የመመለሻው ጉዳይ ነው። ከማርያም ግንብ በእግር መመለስ የደከመው በጀልባ ወደ ጎርጎራ ሊሻገር ይችላል፤ ይሁን እንጂ ከቀትር በኋላ ነፋስ ስለሚነሣና ውሃው ስለሚናወጥ ማለዳ መነሣት ይሻላል። ባለጀልባውንም ዋጋ ከመነጋገር አስቀድሞ እምቦጭ በየት በኩል እንዳለ ይጠይቁት፤ መንገዱን የሚያውቀው እርሱ ነው።