«ኖረ» ወይስ «ኖሯል»?

በፍኖተ ሰላም አንድን ሰው ከደጅ ቆመው ቢጠሩት ገና ከመቀመጫው ሳይነሣ «መጣሁ!» ብሎ ይመልሳል። ሊሰናበት ያሰበ እንግዳም ጫማውን ሳያጠልቅ «በሉ እንግዲህ፣ ሄድሁ» ይላል። ግሡ ያለፈ ነው፤ ሥራው ግን ገና አልተጀመረም። በዚህ ቋንቋ ያደገ ልጅ የእንግሊዝኛን ግሥ ሲማር ምን ያህል እንደሚቸገር፣ እኔ በዚያች ከተማ ጥቂት ዓመታት በመምህርነት ስለ ቆየሁ በመጠኑ ዐውቀዋለሁ። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮም አብዛኛው ትምህርት በእንግሊዝኛ ስለሚሰጥ፣ ግሡን የሳተ ልጅ ሌላውንም ትምህርት መሳቱ አይቀርም።

አንባቢ እንደሚያውቀው በአማርኛ ሰዋስው «ሰበረ» ኀላፊ፣ «ሰብሯል» የቅርብ ኀላፊ፣ «ሰብሮ ነበር» የሩቅ ኀላፊ ይባላል። እንግሊዞችም ፓስት፣ ፕሬዘንት ፐርፌክትና ፓስት ፐርፌክት የሚሏቸው መልኮች ስላሏቸው፣ ተማሪው ሦስቱን በሦስቱ ትይዩ አስቀምጦ ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል። ዳሩ ግን አላለቀም። እኛ «ትናንት መጥቷል» ብንል የሚነቅፈን የለም፤ በእንግሊዝኛ ግን ያለፈው ቀን ከተጠራ ፐርፌክት አይገባም። እንዲሁም «ርቦኛል»፣ «ደክሞኛል»፣ «ተቀምጧል» ስንል የምንናገረው ስለ አሁን ነው፤ ተማሪው «ወንበር ላይ ተቀምጧል» የሚለውን ቃል በቃል ሲመልሰው ግን «ወንበር ላይ ተቀምጦ ያውቃል» የሚመስል እንግዳ ነገር ይወጣዋል።

ቀን ያለው ነገር በፓስት እንደሚነገር ለማስረዳት ምሳሌዬን ከአገሩ ታሪክ እወስድ ነበር። የኢጣልያ ጦር ቡሬን የለቀቀው በየካቲት 1933 ዓ.ም. ነው፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም በጎጃም በኩል አልፈው ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገቡ። ሁለቱም ቀን አላቸው፤ ስለዚህ ሁለቱም ፓስት ናቸው። ይህን ልጆቹ በቶሎ ይረዱታል። እንዲያውም የቡሬ አካባቢ ልጆች ከሽማግሌዎች የሰሙትን እየጨመሩ ሰዋስውን ወደ ታሪክ ይለውጡብኝ ነበር፤ እኔም፣ እውነቱን ለመናገር፣ አልከለከልኋቸውም። የሚያስቸግረው ቀን ሳይኖረው ዘመን ብቻ ያለው ነገር ነው።

አንድ ጊዜ ለ10ኛ ክፍል ተማሪዎቼ «ስለ አባታችሁ አምስት ዐረፍተ ነገር በፕሬዘንት ፐርፌክት ጻፉ» የሚል የቤት ሥራ ሰጠሁ። ሰባ ያህል ደብተር ተከመረልኝ። ሌሊቱ ገፍቶ እንቅልፍ ሲጫነኝ ከአንዲት ተማሪ ደብተር ላይ ደረስሁ። የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር «ማይ ፋዘር ሊቭድ ኒር ቡሬ ፎር ፎርቲ ይርስ» ይላል፤ አባቴ በቡሬ አቅራቢያ አርባ ዓመት ኖረ ማለቷ ነው። የቀሩትም አራቱ እንዲሁ፤ አረሰ፣ ተከለ፣ አስተማረኝ፣ ወደደኝ። ሁሉም ፓስት። ቀዩ እስክሪብቶዬ «ሊቭድ» የሚለውን ሰርዞ በላዩ «ሃዝ ሊቭድ» ጻፈ። ከ5 ዜሮ ሰጠሁና ግርጌው ላይ «ትእዛዙን አንብቢ» ብዬ ጨመርሁበት።

ልጅቱ ከገጠር መጥታ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይታ የምትኖር፣ ቅዳሜ ቅዳሜ አገሯ ሄዳ የሳምንቱን ስንቅ ይዛ የምትመለስ፣ በክፍል ውስጥም ድምፅዋ የማይሰማ ነበረች። በማግሥቱ ሌሎቹ እስኪወጡ ጠብቃ ደብተሯን ይዛ ቀረበች።

«መምህር» አለችኝ፤ «ሃዝ ሊቭድ የሚባለው ሰውየው እስካሁን እዚያው የሚኖር ከሆነ ነው ብለው አስተምረውን ነበር። አባቴ ግን የለም። አምና ሞተ።»

ሰባት ቀን ሙሉ በጠመኔ ስጽፈው የሰነበትሁት ይኸው ነበር። በአማርኛ «አርባ ዓመት ኖሯል» ቢሉ ስላለም ስለ ሞተም ሰው ሊሆን ይችላል፤ ቋንቋችን ነገሩን ለሰሚው ይተወዋል። እንግሊዝኛ ግን ገና ከግሡ ላይ ሰውየው አለ ወይስ የለም ብሎ ይጠይቃል። ከሰባው ተማሪ ይህን ጥያቄ ሰምታ በትክክል የመለሰችው እርስዋ ነበረች፤ ዜሮ የሰጠኋትም እርስዋን ነው። አባት የሌለው ልጅ ይኖር እንደሆነ ሳልጠይቅ ያን የቤት ሥራ መስጠቴም ሌላ ጥፋት ነበር።

«ልጄ፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ» ብዬ ይቅርታ ጠየቅኋት፤ የራሴንም ቀይ ጽሑፍ እፊቷ ሰረዝሁት። እርስዋ ግን አልሄደችም።

«የተከላቸው ባሕር ዛፎች ግን አሉ» አለች። «ከጓሯችን 16 ናቸው። እነርሱንም በፓስት ልጽፋቸው ነው?»

ጥቂት አሰብሁ። ተካዩ አባትዋ እስከ ሆነ ድረስ ግሡ ከፓስት አይወጣም፤ መንገዱ ሌላ ነው። «ዛፎቹን ባለቤት አድርጊያቸው» አልኋት። ባለቤት ማለት በሰዋስው የግሡ ባለ ሥራ እንደ ሆነ ክፍሉ ሁሉ ያውቃል፤ ቃሉን ከሰዋስው ውጭ እንደ ሰማችው ግን ከፊቷ አስተዋልሁ። እዚያው ጎንበስ ብላ «ሲክስቲን ትሪስ ሃቭ ስቱድ ቢሃይንድ አወር ሃውስ ሲንስ አይ ዋዝ ኤ ቻይልድ» ብላ ጻፈች፤ ከልጅነቴ ጀምሮ 16 ዛፎች ከቤታችን ጀርባ ቆመዋል ማለት ነው። ውጤቷንም በመዝገቡ ላይ ከ5 አምስት ብዬ አረምሁት።

ከፋሲካ በኋላ፣ ሳልጠይቃት፣ ያንኑ ደብተር ይዛ መጣች። ለቤት ኪራይዋ አራቱ ዛፎች ተቈርጠው ተሸጠው ኖሯል። «ሲክስቲን» የሚለውን በአንድ መስመር ሰርዛ ከላዩ «ትዌልቭ» ጽፋበታለች፤ ግሡን ግን አልነካችውም።